የአባቴ ደወል ሐሰተኛ ሲባል

ወንድሜ ከደሴ ያመጣውን የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል በአባቴ ጨርቅ ቤት በር ላይ ሲገጥም ደስ አላለኝም። በእኛ ከተማ በመካነ ሰላም ሌባ ቢመጣ አንድ ሰው "ኡኡ" ካለ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል፤ ደወል ምን ይሠራል? አባቴ ግን ልጃቸው የደከመበት ነገር ነውና ሳያጉረመርሙ ተቀበሉ።

ደወሉ ክፉ አመል ነበረው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይጮኻል፤ መብራት ደግሞ እኛ ዘንድ መሄድና መምጣት ሥራው ነው። በጮኸ ቁጥር ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሥጋ ሻጩም ቢላዋውን እንደያዘ ይሮጣሉ። አባቴ በር ላይ ቆመው "አፉ በሉኝ" እያሉ ይቅርታ ጠይቀው ይመልሷቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ። ትሑት ወጣት ነው፤ ሱቅ መሆኑን ረስቶ ጫማውን ሊያወልቅ ሁሉ ቃጥቶት ነበር። ያለ ምክንያት የጮኸ ደወል "ሐሰተኛ ጥሪ" ይባላል አለን። ፖሊስ በከንቱ ሲሮጥ እውነት የሚዘረፈው ቤት ያለ ደራሽ እንዳይቀር የወጣ ደንብ ነው። ሆን ተብሎ ከተደረገ ባለቤቱን በሕግ ያስጠይቃል፤ በብልሽት ከሆነ እንዲያስጠግን ይነገረዋል፤ ካልታረመ ደወሉ ይነቀላል። የእርስዎ ብልሽት ነው፣ ያስጠግኑት ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዲት ቃል ብቻ ነበር። በእሳቸው ጆሮ ሐሰተኛ ከምስክር ጋር እንጂ ከደወል ጋር ሄዶ አያውቅም። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚታመን ሽማግሌ ናቸው፤ ያለዚያ ስም ጨርቅ ቤት ብቻ ነው የሚቀራቸው።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የሆነች ባል የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድም ጋር በግቢ አጥር ተጣልታ፣ ሁለቱም የእኔን አባት ዳኝነት መርጠው ነበር። አባቴ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ ብለው ላኩባቸው። ሁለቱ ደግሞ ሌላ ሰው አናምንም፣ ፍርድ ቤት እንገናኝ ተባባሉ። ፍርድ ቤት ከደረሱ ቤተሰብነታቸው እንደሚያከትም ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ተናደድኩ።

"ደወል እኮ ነው፣ አባዬ።"

"የማን ደወል?" አሉኝ።

ያን ቀን ምሳም አልበሉ። ልቤ ተሰበረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መብራት መጣና ደወሉ እንደ ልማዱ ጮኸ። ሰፈሩ ሮጠ። ያቺ ጎረቤታችን ሊጥ በእጇ እንደያዘች ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ "አፉ በሉኝ፣ ዛሬም ሐሰት ነው" አሉ።

"ለደወሉ ማን መጣ፣ አባባ?" አለቻቸው። "እርስዎን አንድ ነገር አግኝቶዎት እንዳይሆን ብለን ነው የምንሮጥ።"

አባቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ፒንሳ አምጪ አሉኝ። ሽቦውን ራሳቸው ቆረጡት። ወንድሜ ሲሰማ በስልክ ተቆጣ፤ እኔ ግን ያን ቀን በመቀስም ቢሆን እቆርጠው ነበር።

ከዚያ ባለጉዳዮቹን አስጠሩ። ጎረቤታችንና የባሏ ወንድም ከአጥሩ ሥር ፊትና ጀርባ ሆነው ተቀመጡ። አባቴ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ወዲያው ወደ ነገሩ አልገቡም።

"ደወሌ ሐሰተኛ ተብሏል። ይህን እያወቃችሁ ቃሌን የምትቀበሉ ከሆነ ልቀመጥ" አሉ።

ሴትዮዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የባሏ ወንድም መሬቱን በዱላው ጫረ።

"እኔም እኮ ለእርስዎ ብዬ በጮኸ ቁጥር እሮጥ ነበር" አለ፣ ቀና ሳይል። "እሷን እንዳላይ ብዬ ነው ከሰው ኋላ የምቆም።"