የሚስተር ፊሊፕ በሬ

ልጄ ለሥራ እንግሊዝ አገር ልትሄድ ነው። ከስብሰባው በኋላ ገጠሩን ልይ ብላ ማረፊያ ስትመርጥ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው፤ የድንጋይ ቤት፣ መስኮቱ ላይ አበባ፣ ቁርስ ጭምር፣ አጠገቡ የሚጎበኝ የጥንት ቤተ ክርስቲያን። «እማዬ፣ ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ትለኛለች። የእኔ ዓይን ግን የቀረው ከቤቱ ጎን፣ በእርጥብ ሣር መሐል በሚሄደው ባለ ከዘራ ሽማግሌ ላይ ነበር። እንዲህ ሳይቸኩል፣ የሚደርስበትም ሳይኖረው የሚሄድ ሰው በልጅነቴ አንድ ብቻ አይቻለሁ፤ እሱንም ጂንካ ላይ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ የአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ የደሴ ልጅ፣ ጂንካን እንደ ቅጣት የሚቆጥር ሰው ነበር። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል። ዛሬ ነገ እሄዳለሁ እያለ ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታም፤ ዱላ ቢሰኩበት በሚበቅል አገር፣ ጓሮው ውስጥ አንድ የሙዝ ችግኝ አልተከለም። እናቴ ግን በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች አልጋ አስገብታ ከቆላው ከወይጦ ለሚመጡ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ታከራይ ነበር። እኔ «ዝውውር» የሚለውን ቃል ስሰማ ከቤት ሮጬ እወጣለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹን ከማረፊያው ሣር ሜዳ የምናባርርበትን ደስታ ትቼ ደሴ ምን ልሠራ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን፣ በሦስት ዓመቱ ትኩሳት የወሰደው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝቷል። አባቴ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያንን ግቢ አልረገጠም፤ ከደጁ ተሳልሞ ይመለሳል፤ የልጁንም ስም አያነሳም። መሄዳችን ሰለሞንን ጥሎ መሄድ እንደሆነ እናቴም እኔም እናውቃለን፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም።

ሚስተር ፊሊፕ አዲስ አበባ የሚያስተምር እንግሊዛዊ ነበር፤ በክረምቱ ዕረፍት መጥቶ እናቴ ቤት አረፈ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀቱን ካገላበጠ በኋላ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ጓድ ጌታቸው፣ እንግዳው ከዓይንህ እንዳይሰወር፤ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለው። በማግስቱ ጠዋት እንግዳው ከዘራውን ይዞ ወጣ። ወዴት? የትም፤ ዝም ብሎ ለመሄድ። አባቴ በቢሮ ጫማው ጭቃውን እያቦካ ተከተለው፤ እኔም ትምህርት ስላልነበረ ከኋላ ከኋላ።

ጂንካ ላይ በከንቱ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሰው የሚዞረው ከብት ሲጠፋበት ነው። ዳገቱ ላይ ጋርሾ የሚባል የአሪ ገበሬ አገኘንና ፈረንጁ ግራ ቀኙን እያየ ሲቆም አይቶ፣ «ጋሼ፣ በሬ ነው የጠፋው? መልኩ ምን ዓይነት ነው?» አለው አባቴን። አባቴ ምንም አልጠፋም ቢለው ማን ይመነው! ጋርሾ እንግዳ ቸግሮት ዝም አይባልም ብሎ ጎረቤቶቹን ጠራና በጫካው ተሰማሩ።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ የእንሰቱና የሙዙ አረንጓዴ እስከ ታች ተዘረጋ። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ኖሮ እዚያ ወጥቶ አያውቅም። ሚስተር ፊሊፕ በሰባራ አማርኛው እንግሊዝ አገር ስላለው መንደሩ አጫወተን፤ ስለ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው በእግሩ እየሄደ ስለሚያየው የመቃብር ድንጋይ። ሚስቱም እዚያ እንደተቀበረች፣ አገሩ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ፣ «እዚህስ? የድሮ ነገር፣ ሰው የሚያየው፣ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም የለም። የትናንት ከተማ ነው» አለ አባቴ።

ሲወርድ ግን ወደ ቤት አልታጠፈም። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ገባ፤ እኛም ተከተልነው። ትንሿ የድንጋይ ክምር አጠገብ ሲደርስ፣ «ይሄ ልጄ ነው» አለ። ሚስተር ፊሊፕ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴ ዙሪያውን አየ፤ አንድ አረም የለበትም።

«ማነው የሚያጸዳው?»

«እማዬ» አልኩት።

ቤት ስንደርስ ጋርሾ በላብ ተጠምቆ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወይፈን አጥራችን ላይ አስሮ ይጠብቀናል። «ይኸው፣ ተገኘ!» አባቴ ሳቀ፤ አጥሩን ተደግፎ እስኪንሰቀሰቅ ሳቀ። እናቴ ወጥታ አየችውና እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ እሷ ታውቃለች።

ከበጋው በኋላ ያ ሲለመን የኖረው ዝውውር መጣ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሻንጣ ስታወርድ፣ አባቴ «መልሺው» አላት። «ሁላችን ሄደን ልጁን ማን ይጠይቀዋል?»

እስኪሞት ጂንካ ኖረ። ዛሬ እሱም እናቴም ከሰለሞን ጎን ናቸው፤ ቤታችን ተሽጦ ፈርሷል፤ እኔ ኑሮዬ አዋሳ ነው። በዓመት አንዴ እሄድና በተወለድኩበት ከተማ ሆቴል አድራለሁ። ባለፈው የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ አክብራኝ፣ የአልዱባን ገበያ፣ የሙርሲን መንደር፣ የሚጎበኘውን ሁሉ ደረደረችልኝና አስጎብኚ ልጥራልዎት ወይ አለችኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ አልኳትና ብቻዬን ወጣሁ። መቃብራቸው ላይ አረሙ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር።