አባቴ ሁለት ጊዜ የሳለው ቢላዋ

ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ የማድ ቤቱን ቢላዋ የሚስልልኝ የለም። ትናንት የጎረቤቴ ልጅ፣ «እማማ፣ እኔ አስለዋለሁ» ብላ ወሰደችውና ከገበያ እያብረቀረቀ አመጣችው። ስለቱን በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ሻከረኝ። እጄ ሳላስበው ወደ አገጬ ሥር ሄደ። እዚያ አንድ ቀጭን ጠባሳ አለ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ዲላ ውስጥ፣ በቡና ለቀማ ወቅት። ዝናቡ አላባራ ብሎ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር፤ ከተማው የእሸት ቡና ልጣጭ ይሸታል። እኔ ኮረዳ ነበርኩ። መንጋጋዬ ሥር የወጣ እብጠት ጉሮሮዬን አጥብቆት ወተት እንኳ አልወርድ አለኝ።

አባቴ ገበያ ውስጥ በእግር እየረገጠ በሚያሽከረክረው ድንጋይ ቢላዋ ይስል ነበር። «እኔ የሳልኩት ጥላህን ይቆርጣል!» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። በዚያው ሰሞን የከተማውን ክሊኒክ ቢላዋዎችም የሳለው እሱ ነው፤ እንደ ገጀራ፣ የእሳት ፍንጣሪ እያስበረረ።

አባቴና እናቴ ክሊኒኩ ሲያደርሱኝ ድሬሰሩ፣ ቁስል የሚያክመው፣ ታደሰ ነበር፤ ያኔ ገና ጎረምሳ። ቢላዋውን ከፈላው ውሃ አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ፋሻ ላይ ሞከረው። ክሩን ጎተተው።

«ጋሼ፣ ይዩት። ያብረቀርቃል እንጂ ፊቱ ታርሷል። ዝገቱም በየጭረቱ ጀምሯል።»

«ጢምህን ላጭበት እንጂ!» አለ አባቴ።

«እዚህ ደም ሥር አለ፤ ቢላዋው ከጎተተብኝ...» አልጨረሰውም።

«ሌላ የለህም?»

«ሁሉንም ለእርስዎ ነው የሰጠሁት።»

እናቴ፣ «ትንፋሽ አጠራት እኮ! በያዝከው ቁረጥ!» ብላ ጮኸች።

«ልጄን በዚህ አይነካትም» አለ አባቴ። ቢላዋውን ተቀብሎ፣ ለምላጭ የሚይዛትን ለስላሳ ድንጋይ ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ ውሃ ጠብ አድርጎባት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ብረቱን አስተኝቶ፣ ሳይጫን፣ ወዲያ ወዲህ። እጁ ሲያዘግም እግሩ ግን እንደ ልማዱ መሬቱን ይረግጥ ነበር። የእኔ ትንፋሽ ያፏጫል።

«ፍጠን እንጂ ሰውዬ!» አለች እናቴ።

«ፈጥኜ አይደል እዚህ የደረስነው?»

ታደሰ እንደገና ፋሻው ላይ ሞከረው። ክሩ ሳይንቀሳቀስ ለሁለት ተከፈለ። ቢላዋውን በአልኮል አጥቦ ጎንበስ አለብኝ። መጀመሪያ ቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ ሙቅ መግል አንገቴ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። ከዚያ አየር ገባ።

ስንጋባ አባቴ ድንጋይዋን ለታደሰ ሰጠው። ዛሬ ጠዋት ከመሳቢያው አወጣኋት፤ መሃሏ በአባቴና በታደሰ እጅ ጎድጉዷል። ሰው ሁሉ ቶሎ ተጽናኚ ይለኛል። ጉድጓዷ ላይ ውሃ ጠብ አድርጌ ቢላዋውን አስተኛሁት። አልቸኩልም።