ሰናይት ያሰላችው ጥላ

ከዲላ

ማክሰኞ ጠዋት ከዲላ መናኸሪያ ተነሳሁ። ሐዋሳ የምሄደው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፦ ልጄ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስትደክምበት የኖረችው ጥናት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እሷ ከሞተች ወራት አልፈዋል። ጎልማሳ ሆኜ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ይህን የምጽፈውም በእሷ ትምህርት ነው።

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ጫነ። አፖስቶ ስንደርስ ሻጮች አናናስ በመስኮት ያስገቡብን ጀመር።

«ልጅ ሊጠይቁ ነው?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው።

«ልጄ ሞታለች» አልኩት።

እሷ የሞተች ጊዜም በዚሁ መንገድ ወደ ሐዋሳ የጠሩኝ «ትንሽ አሟታል፣ ይምጡ» ብለው ነበር። ሞታ አድራለች። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው እንዳይደነግጥ ይዋሻል። እኔ ግን ሳል መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ማር አቅፌ ነበር።

አሞራ ገደል

የሰናይት የትምህርት ጓደኛ ሜሮን ተቀብላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደችኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ለመሻማት ቆመዋል። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፤ አልነካሁትም።

«ጋሼ፣ ምነው አኮረፉት? ዓሣው ምን አጠፋ?» አለች ሻጯ።

ሜሮን ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ፤ የእሳት ቀለበት፣ መሃሉ ጨለማ።

«ጥቁር ጉድጓድ ይባላል አባባ፤ ሰማይ ላይ ያለ ነው። ስበቱ ብርሃንን እንኳ አይለቅም። መሃል ያለው ጥላው ነው። የጥላውን ስፋት የስበት ሕግ አስቀድሞ ይናገራል። ሰናይት የያዘችው ሌላ ስሌት ነበር፤ በእሱ ከሆነ ጥላው ትንሽ ይሰፋል።»

«እና ሰፋ?»

ወደ ሐይቁ ዞረች። «ሥራዋን ሁሉም አድንቆታል አባባ።»

«እንደ መርዶው አታድርጊኝ። ሰፋ ወይስ አልሰፋም?»

እንባዋ መጣ። «ፎቶው ደብዛዛ ነው። የድሮው ሕግም የእሷ ስሌትም ይገጥሙታል። የጠራ ፎቶ እስኪገኝ አይለይም።»

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። የጠራው ሲመጣ መጀመሪያ የምለካው እኔ ነኝ ትል ነበር።»

ከዚያ በኋላ ዓሣውን በላሁ። ቀዝቅዟል።

ቤት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዲላ ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ ከጎረቤት ጋር ደጅ ተቀምጣለች።

«ልክ ነበረች አሉህ?»

ጎረቤቲቱ ከጀርባዋ ሆና «አዎ በላት» ብላ ጠቀሰችኝ።

«አልታወቀም» አልኩ። «ልጃችን ራሷም ሳታውቀው ነው የሞተችው።»

አስካለ ጮኸች። «አንተ አረመኔ!» አለችኝ ጎረቤቲቱ። ትበል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሐዘንተኛ ሞኝ አለመሆኑን ነው።

አስካለ አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«ያን ጥላ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እስቲ ንገረኝ» አለች። ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት፤ ደብዛዛነቱንም ጭምር።