ጋሽ ትናንት

ንድፍ ሠሪው ጠዋት ቢሮ እንደገቡ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ኮምፒውተራቸውን ያበሩና ትናንት የሠሩትን ከፍተው ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕንፃ የውሃ መስመር ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃቸው የትናንቱ ሥራ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ያዞሩት ቧንቧ ተመልሶ ምሰሶ ውስጥ ገብቷል። የሰረዙት መጸዳጃ ቤት ቦታው ላይ ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሰው ነካካብኝ አሉ። ማን እርስዎን ብሎ ይደክማል ተባሉ፤ ወዲያውም ጋሽ ትናንት የሚል ስም ወጣላቸው። ኮሪደር ላይ ያገኛቸው ሁሉ የበሉት ቁርስም ወደ ቦታው ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም አብረው ይሥቃሉ።

ሥራ አስኪያጁ የኮምፒውተር ባለሙያዋን ጠራ። የሰውየውን ኮምፒውተር ሰዓት አየች፤ ትክክል ነው። ፋይሉን የነካ ሌላ ሰው የለም። ምናልባት ሳያስቀምጡት ይሆናል የሚነሱት አለች። ቃሏ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ሲደርስ «ምናልባት»ዋ ወድቃ ቀርታ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ጧሪ አይደለሁም» አላቸው ሰው ፊት። «ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

ቤት ደግሞ ልጃቸው ነገሩን ሰምታ ምሳ ምን እንደበሉ ትፈትናቸው ጀምራለች። አንድ ቀን መልሱ ጠፋባቸው። በማግስቱ በገዛ ፈቃዴ ጡረታ ወጥቻለሁ ብለው ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያዋ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ፋይል ያየችው። ቢሮው የሁሉም ሥራ የሚቀመጥባቸው ሁለት ሰርቨሮች አሉት፤ አሮጌና አዲስ። ሌሊት ሌሊት አንድ ፕሮግራም የሁለቱን ፋይሎች ያስተያይና የቅርብ ቀን ያለበትን አስቀርቶ ሌላውን ይተካዋል። የአዲሱ ሰርቨር ሰዓት ሁለት ቀን ቀድሞ ይሄዳል፤ ከአሮጌው ወደ እሱ የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ ይኸው የተሳሳተ ቀን ይታተምበታል። ሌላው ሠራተኛ ሥራውን በቀጥታ እዚያ ስለሚያስቀምጥ አልተነካም። አሮጌው ላይ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ኮምፒውተራቸው ያረጀ ስለሆነ አዲሱን አይቀበልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የነገ ወዲያ ቀን የታተመበትን የቆየ ንድፍ አዲስ ነው ብሎ እየወሰደ፣ የዋሉበትን ሥራ ሌሊት ደጋግሞ ሲደመስስ ከርሟል። ያን ጊዜ ያየችው የኮምፒውተራቸውን ሰዓት ነበር፤ ቀኑን የሚያትመው ግን የሰርቨሩ ሰዓት ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ይስተካከላል ወይ ሲል ጠየቀ። ቀላል ነው አለች።

«እንግዲያው አስተካክይው፤ አፍሽንም ያዝ አድርጊ።»

«ታምሜያለሁ ብለው እኮ አምነዋል።»

«ጥሩ ነው። ያመነ ሰው አይከራከርም።»

ሰዓቱን አስተካከለች። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«ልጄ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ሥራዬን አስቀምጥ ነበር?»

«ይረፉ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው የመርሳት በሽታ ሐኪም ዘንድ ትወስዳቸዋለች።