ቦርዱ ጥሎኝ የወጣበት ከሰዓት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው ከወንበሩ ብድግ ሲል ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ በእኔ ሥራ ደግሞ ሰው ከወንበሩ ብድግ ሲል የማላይበት ሳምንት የለም።

እንጀራዬ ቦርድ ማማከር ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅትና የኮሌጅ ቦርዶች እንዴት እንደሚወያዩ፣ እንዴት እንደሚወስኑ አስተምራለሁ። መቀሌ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ባለቤቴ ግን ዛሬም ለዘመድ የምታስረዳው «ሰው ስለተሰበሰበ ለእሱ ይከፈለዋል» እያለች ነው።

በዚያን ሰሞን ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄደው የቀረኝ ውል አንድ ብቻ ነበር፤ ከመቀሌ ወጣ ብሎ ቁሓ ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ከሚረዳ ድርጅት ጋር። እሱም ሊያልቅ ወር ቀርቶታል። ካልታደሰ ሥራ ፈት መሆኔ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ለሰባቱ የቦርድ አባላት ስለ ጥቅም ግጭት አስተማርኩ። የራሳችሁ ጉዳይ ሲነሳ ማንም ሳይነግራችሁ ተነስታችሁ ትወጣላችሁ አልኳቸው። እስኪነገረው የሚጠብቅ ሰው ለቦርድ አይሆንም የሚልም ጨመርኩበት፤ ማን ጨምር እንዳለኝ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ መደበኛው ስብሰባ ሲጀመር እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አራተኛው አጀንዳ እንዳለቀ ሁሉም ወደ እኔ ማየት ጀመሩ። ሰብሳቢዋ፣ ሁሉም እንደ እናት አደይ የሚላቸው ለተብርሃን፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሻይ እፈልግ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠጥቻለሁ አልኩ። አጠገባቸው ያሉት ቄስ ደግሞ ግቢው ጥሩ አየር እንዳለው ነገሩኝ። እዚህም ተመችቶኛል ብዬ አመሰገንኩ፤ እንዲያውም ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረግኩ።

እንግዳን፣ ያውም ያስተማረን ሰው፣ ውጣልን ማለት እዚህ ነውር ነው። ስለዚህ ሰባቱም ተያዩና ወንበራቸውን አንጠልጥለው እነሱ ወጡ።

እረፍት መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳያቸው ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እረፍቱ ሲረዝም ተናደድኩ። ደብተሬ ላይ «ቦርዱ ሰዓት አያከብርም» ብዬ ጻፍኩ፤ አሰመርኩበትም። ጊዜ ለመግደል የአጀንዳውን ወረቀት ሳብ አደረግኩ። ተራ ቁጥር አምስት፣ የአማካሪውን ውል ስለ ማደስ ይላል።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ልውጣ ብል በሩ የሚያወጣኝ እነሱ መሓል ነው። ያሰመርኩበትን ሰርዤ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ።

ተመልሰው ወንበራቸውን ቦታ ቦታው ካስያዙ በኋላ አደይ ለተብርሃን ውሳኔውን ራሳቸው ነገሩኝ።

«መምህር፣ በጣም እናመሰግናለን። ውሉን ግን አላደስነውም። ያስተማሩንን ይዘነዋል፤ ከእንግዲህ ብቻችንን መሄድ እንችላለን» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቅር አይበልዎት ሓወይ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው።

ልከራከር ፈልጌ ነበር። ግን ምን ብዬ? ባለጉዳዩ በሌለበት ተወያይተዋል፣ ድምፅ ሰጥተዋል፣ ቃለ ጉባኤ ይዘዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ደንቡን እንደዚያ ጠብቆ የወሰነ ቦርድ አይቼ አላውቅም። ከቁሓ በሚኒባስ ስመለስ አፍሬም፣ ከፍቶኝም፣ በመጠኑም ኮርቼ ነበር። ባለቤቴ ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ከወራት በኋላ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ታሪኩን በየሥልጠናው እናገረዋለሁ፤ የምጀምረው ግን «አንድ የማውቀው አማካሪ ነበር» ብዬ ነው። በቅርቡ አንዲት የኮሌጅ ቦርድ አባል፣ ሌላው ሁሉ ስቆ ሲያበቃ፣ ሰውዬው ከዚያ በኋላ ተምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።