ጥርሴን ያረገፈውን ሰውዬ ዛሬ አጎረስኩት

የፊት ጥርሶቼን በሆኪ ዱላ ያረገፈው ሰውዬ ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ፣ እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤት ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አይል መሰላችሁ!

ለማታውቁኝ፣ ሪታየር ያደረግኩ የበረዶ ሆኪ ፕሮፌሽናል ነኝ። (አዎ፣ ሐበሻና በረዶ። ሳቁና ጨርሱ።)

አየኝና አስታወሰኝ። «ጌም እኮ ነው፣ ብሮ!» ብሎ ሳቀ። በሙሉ ጥርሱ!

እኔም ሳቅኩ። ከክትፎዬ ቡጢ የሚያክል ጠቀለልኩና ሚጥሚጣውን አለበስኩት። «በኛ ባህል ጉርሻ እምቢ አይባልም» አልኩት።

ጎረሰ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

እትዬ ዘነቡ ምንም ሳያውቁ ከወዲያ ሆነው «ኧረ ልጄ ድገመው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አሉኝ።

ታላቅ ሰው ተናግሮ እምቢ ይባላል? ከመጀመሪያው የሚበልጥ ጠቀለልኩ።

«ጌም እኮ ነው፣ ብሮ» አልኩት።

በጉርሻ ቂሙን የተወጣ ሌላ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይምጣ።