አሚን የተባለበት ጎል

ኮምቦልቻ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ልጆች የካልሲ ኳስ ከበር ሲያላትሙ በሰማሁ ቁጥር ደሴ፣ ሆጤ ያለው ያደግኩበት ቤታችን ይመጣብኛል። የእኛ ኮሪደር ርዝመቱ ሐይቅ ከተማ ይደርስ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ ኳሷ አያቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዱዓ የሚያደርጉበት ክፍል ከገባች፣ እነሱ እስኪመልሷት ጨዋታ ይቆማል።

አንድ ቀን አንድ ለዜሮ እየመራን ገባች። ሌላ ኳስ ስለሌለን ጨነቀን። አያቴ አነሷትና፣ "ይቺስ ምን ሐጃ ይዛ መጣች?" አሉ።

የተጋጣሚያችን አጥቂ ጀማል በመጋረጃው አንገቱን አስግጎ፣ "ጎል ነው የምትፈልገው፣ አባባ!" አላቸው።

ሳይስቁ ወረወሩለትና እጃቸውን ዘረጉ። "አላህ ሐጃዋን ያውጣላት!"

"አሚን!" ቤቱ ተናጋ። በረኛው እኔም እጄን ዘርግቼ "አሚን" አልኩና ፊቴን አበስኩ። እጄን ከፊቴ ሳነሳ ኳሷ ከኋላዬ ነበረች።

"አይቆጠርም! ዱዓ ላይ ነበርኩ!"

"ወላሂ ይቆጠራል! አሚን ያልከው አንተው!"

ለዳኝነት አያቴ ዘንድ ሄድን። "ዱዓው ለማን እንደሚደርስ እኔስ መች አውቄ" አሉና መጋረጃውን መለሱት።

ይኸው ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ እስካሁን አላውቅም።